ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው?

ላስ ቬጋስ የምንኖር ሐበሾች ዘመድ ሲመጣብን የምናደርገው የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ቀን ስትሪፑን በመኪና እናዞረዋለን። በሁለተኛው ቀን የሚጨፍረውን ፏፏቴ እናሳየዋለን። በሦስተኛው ቀን፣ በነፃ የሚታይ ነገር ሲያልቅብን፣ ፍሪሞንት ጎዳና ወስደን ጎልደን ነጌት ሆቴል ውስጥ በመስታወት የተከለለውን ወርቅ እናሳየዋለን። ስሙ "የእምነት እጅ" ነው፤ አንድ ወጥ ሆኖ 27 ኪሎ ከምናምን ይመዝናል። ኬቨን ሂሊየር የተባለ አውስትራሊያዊ በ1980 (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማወራው) ቪክቶሪያ ውስጥ ኪንጎወር በምትባል ስፍራ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ አወጣው፤ ካዚኖው ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛው።

እዚያ ወርቅ ፊት ሰው ጠባዩን ያወጣል። አንዱ "ጠባቂ የለውም እንዴ?" ይላል። ሌላዋ ለስንት ሙሽራ ጌጥ እንደሚበቃ በዓይኗ ትከፋፍለዋለች። ጋሼ ግን (ወርቅ ፈላጊ ስሙ ሲነሳ አይወድምና ስማቸውን ልለፈው) ክብደቱንም ዋጋውንም ትተው፣ "በብረት መፈለጊያ ማሽን ተገኘ" የምትለዋን ነገር ብቻ ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ታክሲ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ቀኑ አልመሽ ብሏቸዋል። ሐኪም ለስኳራቸው በየቀኑ እንዲራመዱ ቢያዛቸውም "ያለ ጉዳይ የሚዞር እብድ ነው" ብለው እምቢ ብለዋል። ማሽን ተይዞ ሲዞር ግን ሥራ ነው፤ ማንም እብድ አይልም። እንደዚያ መስሏቸው ነበር።

በዚያ ላይ ጋሼ የክብረ መንግሥት ልጅ ናቸው። አዶላ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ወርቅ ምክር አይቀበልም፤ ይሰጣል እንጂ። "እኛ በገበቴ ስናጥብ…" ብለው ከጀመሩ ቡናው ሦስተኛውን አልፎ ጀበናው ይታጠባል። እኔ የተጠራሁት ለእንግሊዝኛው ነው፦ የየማሽኑን መግለጫ አንብቤ እንዳስረዳ፤ ከተቻለም ጋሼ ቀድመው በወሰኑት ነገር እንድስማማ።

ማሽን ለመግዛት የተነሳ ሰው፣ ቬጋስም ይሁን ሻኪሶ፣ አንደኛ ጥያቄው ያው ነው፦ "ጥልቀቱ ስንት ሜትር ነው?" ጋሼ ጠየቁኝ። አዶላ ያለው የወንድማቸው ልጅ፣ "ጋሼ፣ ለእኔም አንድ ይላኩልኝ" ብሎ በደወለ ቁጥር ጠየቀኝ። ባለቤታቸው እትዬ ብቻ "ዋጋው ስንት ነው?" አሉ፤ እሳቸው ሁልጊዜ ከሌላው ሰው አንድ እርምጃ ይቀድማሉ።

ጠያቂ ካለ መላሽ አይጠፋም። ስልክ ከፈት ሲደረግ "30 ሜትር ጥልቀት፣ 1 ኪሎ ሜትር ርቀት" የሚል ማሽን በሽ ነው። ሁለት አንቴና አለው፤ ሰውየው ቀብረር ብሎ ይዞት ይሄዳል፤ አንቴናው ወርቁ ወዳለበት ዞር ይላል። "ወርቅ"፣ "ብር"፣ "አልማዝ" እያለ የሚያስመርጥም አለ። ጋሼ ይህን ሲያዩ ፊታቸው በራ። እኔም የጀምስ ማኮርሚክን ታሪክ ነገርኳቸው። ይህ እንግሊዛዊ ነጋዴ የጠፋ የጎልፍ ኳስ ያገኛል እየተባለ የሚሸጥ ባለ አንቴና እጀታ አገኘና ኤዲኢ 651 የሚል ስም አወጣለት፤ ከዚያ ቦምብ ያሸታል ብሎ ለኢራቅ መንግሥት በብዙ ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ባትሪ እንኳ አልነበረውም፤ ኃይል የሚያገኘው ከያዘው ሰው አካል ነው ይባል ነበር። የባግዳድ ኬላ ጠባቂዎች ይህን እያወዛወዙ መኪና ፈተሹ። በ2013 ለንደን ላይ ሰውየው 10 ዓመት ተፈረደበት። ጋሼ በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ "የጎልፍ ኳሱንስ ያገኝ ነበር?" አሉ።

ነገሩ ከሥሩ ተጣሞ ነው የሚጠየቀው። በትልቁ ማሽን፣ ጡብ የሚያህል ወርቅ ቢኖር፣ አንድ ሜትር ገደማ ላይ ይሰማ ይሆናል። ጡብ የሚያህለው ግን መስታወት ውስጥ ነው ያለው። ጋሼን በረሃ ላይ የሚጠብቃቸው ከተገኘ የግራም ሢሶ ነው። ወርቅ ከውኃ 19 እጥፍ ስለሚከብድ፣ ያቺ 0.3 ግራም በየጎኗ ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል አትሞላም። እሷን የሚሰማ ማሽን ቢገኝ ጥቂት ጣት ጥልቀት ላይ ነው የሚሰማት። ስለዚህ ገዢ መጠየቅ ያለበት "እስከ ምን ያህል ትንሽ ይሰማል?" ብሎ ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን አላጋጠመኝም፤ ትንሽ ወርቅ አልሞ ማሽን የሚገዛ የለማ!

ጋሼ የተሟገቱኝ በ1989 በተገኘው የሜክሲኮ ወርቅ ነበር። "የኮርቴዝ ጫማ" ይባላል። አንድ የሶኖራ በረሃ ሰው ከተራ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ በተገዛ ርካሽ ማሽን 12 ኪሎ የሚመዝነውን አንኳር አወጣው። "አየህ? ርካሹም ይሠራል!" አሉኝ። ይሠራል። 12 ኪሎ ወርቅ ለማግኘት የረባ ማሽን አያስፈልግም። ውድ ማሽን የሚፈልገው ትንሹ ወርቅ ነው፤ ይህን እንግዳ ሒሳብ እስኪቀበሉ ድረስ ብዙ ቡና ተፈላ።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ላስረዳ። መሬት ላይ የሚወዛወዘው ክብ ሳህን፣ ኮይል የሚሉት፣ መግነጢሳዊ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ ብረት ሲያገኝ ብረቱ ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት ይሽከረከራል፤ ያ ጅረት መልሶ ሲናገር ኮይሉ ይሰማል። ቁራጩ ትንሽ በሆነ መጠን ጅረቱ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ሞገዱ ቶሎ ቶሎ መመላለስ አለበት። ለሳንቲም የሚሠራው ማሽን በሴኮንድ ከጥቂት ሺህ እስከ 15 ሺህ ጊዜ ቢመላለስ ይበቃዋል። የጋሬት ኤቲ ጎልድ 18 ኪሎኸርዝ ነው፤ የማይንላብ ጎልድ ሞንስተር 45፤ የፊሸር ጎልድ ባግ 2 ደግሞ 71። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር የሚሰማው ወርቅ ያንሳል፤ በዚያው ልክ ግን አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት ያደናቅፈዋል፤ ጥልቀቱም ያጥራል። የኮይሉ ስፋትም እንደዚያው ነው። ሰፊው ወደ ታች ይወርድና ትንንሹን ይዘላል፤ ጠባቡ ትንንሹን ይለቅምና ከላይ ከላይ ይቀራል። ሁለቱንም አንድ ላይ እሰጣለሁ የሚል ሻጭ ካለ አንቴናውን ፈልጉ።

እነዚህ ቪኤልኤፍ የሚባሉት ናቸው፤ ሳያቋርጡ ይልካሉ፣ ሳያቋርጡ ይሰማሉ። ሌላው ዘር ፐልስ ኢንዳክሽን ነው፤ ገደል አፋፍ ቆሞ አንዴ ጮኾ ዝም ብሎ ማሚቶውን እንደሚያዳምጥ ሰው ነው የሚሠራው። በጩኸቱና በማዳመጡ መካከል ባለችው ቅጽበት የአፈሩ ጫጫታ ያልፍለታል፤ ብረት የበዛበትን ቀይ መሬት የሚችለውም ለዚህ ነው። ትንሿ ፍሬም ግን በዚያችው ቅጽበት ተናግራ ትጨርሳለች። አዳዲሶቹ፣ እንደ ማይንላብ ጂፒኤክስ 6000 ያሉት፣ ቶሎ ማዳመጥ ተምረዋል፤ ስለ ተማሩበት ደግሞ 6000 ዶላር አካባቢ ያስከፍላሉ።

ዋጋው ሲነሳ እትዬ ከማድ ቤት ወጡ። የወርቅ ዋጋ በ2025 መጸው አውንሱ ከ4000 ዶላር በላይ መድረሱን ከእኔ ቀድመው ያውቃሉ፤ የአንገታቸውን ሐብል ዋጋ በየሳምንቱ ይከታተላሉ። አንድ አውንስ 31 ግራም ነው፤ ግራሙ ወደ 130 ዶላር መጣ። "እንግዲህ ስድስት ሺህ ለመመለስ 46 ግራም" አሉ በጣታቸው እየቆጠሩ። "አንዷ ፍሬ የግራም ሢሶ ናት ካላችሁ፣ ከመቶ ሠላሳ በላይ ፍሬ ማግኘት አለበት። ከዚያ በኋላ ነው ለቤንዚኑ የሚሠራው።" ጋሼ መለስ ብለው "ወርቅ እኮ ይጨምራል" አሉ። "አዎ፤ ያለው ሰው ጋ ነው የሚጨምረው" ብለው እትዬ ወደ ወጣቸው ተመለሱ።

የአዶላው ልጅ ጉዳይ የተለየ ነው። የእነሱ አፈር ቀይ ነው፤ ብረት አለበት፤ ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለውን ማሽን ብንልክለት ሲጮህበት ይውላል። ለእሱ ፐልሱ ይሻል ነበር። እሱ ግን "ጂፒኤክስ 5000 በሩብ ዋጋ አግኝቻለሁ፤ ሻጩ አዲስ ነው ብሏል" ብሎ ፎቶ ላከ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ታሪክ አጫወትኩት። የማይንላብ እናት ኩባንያ ኮዳን የሚባል አውስትራሊያ ያለ ድርጅት ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ይሆነዋል፤ አንድ ሠራተኛው ቻይና ሄዶ የሆቴል ዋይፋይ ተጠቀመና ላፕቶፑ ውስጥ ሌባ ገባ፤ የማሽኑን ንድፍ ይዞ ወጣ። ከዚያ አፍሪካ ውስጥ፣ ኩባንያው ብዙ ገበያ ባለበት አህጉር፣ አስመስሎ የተሠራ ማሽን ጎረፈ። ኩባንያው ዋጋ ለመቀነስ ተገደደ፤ ትርፉም አሽቆለቆለ። ሣጥኑ ያው፣ ቀለሙ ያው፣ ጽሑፉ ያው ነው። ልጁ በዝምታ ሰማኝና "ታዲያ ንድፉን ከሰረቁ ያው አይደለም እንዴ የሚሠራው?" አለኝ። የክብረ መንግሥት ሰው አይታለልም፤ ራሱ ካልፈለገ በቀር።

ጋሼ ወደ መምረጡ ሲመለሱ የስክሪን ነገር መጣ። እሳቸው የሚፈልጉት ወርቅ ሲያገኝ "ወርቅ" ብሎ የሚጽፍ ነው። ቆርኪ ከሆነ ዝም የሚል። ይህ ምኞት ብዙ ሰው አክስሯል። ለማሽኑ ትንሽ ወርቅና የቸኮላት ፎይል አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ ትንሽ ከፍ ያለው ወርቅ ደግሞ ከቆርቆሮ ቢራ መክፈቻ ቀለበት ጋር አንድ ቁጥር ላይ ይወድቃል። ፎይሉን አልሰማም ያለ ወርቁንም አይሰማም። እርሳስማ ጭራሽ መንታ ወንድሙ ነው። ብረቱን ከሌላው መለየት እንኳ ማሽኑ የሚችለው በግምት ነው፤ ዝገት ይሁን በረከት የሚታወቀው ተንበርክኮ ሲቆፈር ነው።

ስለዚህ ሁለት ማሽን ቀረ። አንደኛው ጎልድ ባግ 2፣ ምንም ስክሪን የለውም፤ ጆሮ ላይ የማያቋርጥ ቀጭን እዝዝታ ያሰማል፤ ወርቅ ማለት ያ እዝዝታ ለአፍታ ከፍ ሲል ነው፤ የወፍ ጩኸት፣ ደወል፣ መብራት የለም። ሁለተኛው ጎልድ ሞንስተር፣ ከመሬቱ ጋር ራሱ የሚስማማ፣ የወርቅ ዕድል ምን ያህል እንደሆነ ስክሪኑ ላይ የሚያሳይ። "ዕድል" የሚል ማሽን ቬጋስ ውስጥ ለጡረተኛ ማሳየት ነውር ነው፤ ግን ምን ይደረግ፣ ፋብሪካው ነው ያደረገው።

እኔ ወደ ጎልድ ባግ አዘነበልኩ። ወርቅ በጆሮ ነው የሚገኘው፤ ስክሪን የሚያይ ሰው መሬቱን ይረሳል። እትዬ ግን አንድ ጥያቄ ጠየቁና ክርክሩን ዘጉት፦ "እኔ ከሳሎን ሦስቴ ስጠራህ የማትሰማ ሰውዬ፣ የወርቅ ሹክሹክታ ልትሰማ ነው?" ጎልድ ሞንስተር ተገዛ፤ ዋጋው ወደ አንድ ሺህ ዶላር ነው፤ በእትዬ ሒሳብ ስምንት ግራም።

ልምምዱ በጓሮ ሆነ። የዚህ አገር ወርቅ ፈላጊዎች ማሽን የሚሞክሩት ትንሽ የወርቅ ቁራጭ የቁማር ጠጠር ላይ በሙጫ ለጥፈው ነው፤ መሬት ላይ ይጥሉትና ኮይሉን ያሳልፉበታል፤ ወርቁ ትንሽ ቢሆንም ጠጠሩ አይጠፋም። የቁማር ጠጠር በጋሼ ቤት ሞልቷል፤ ወርቁ ግን የለም። የእትዬ ጉትቻ መንጠቆ ለአንድ ቀን በውሰት ተገኘ። ጋሼ ኮይሉን እንደ ማጭድ አርቀው እየወነጨፉ ጀመሩ፤ ቀስ፣ ዝቅ፣ ያለፉበትን እየደገሙ መሆን እንዳለበት ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀ። ማሽኑ መንጠቆውን አገኘ። መንጠቆው ከመገኘቱ በፊት ደግሞ ጓሮውን ያነጠፉት ሠራተኞች የተዉትን ሚስማር ሁሉ አገኘ። እትዬ ሚስማሮቹን በጣሳ ሰብስበው "ይህስ በኪሎ ስንት ይሸጣል?" አሉ።

ከዚያ ጎልድ ቤዚን ሄድን። አሪዞና ውስጥ ነው፤ ከቬጋስ ሁለት ሰዓት ያህል ቢያስነዳ ነው። ደረቅ የጅረት መውረጃ፣ ቁልቋል፣ ድንጋይ፣ ሰማይ። በአቅራቢያው የሚድ ሐይቅ ብሔራዊ መዝናኛ ስፍራ አለ፤ እዚያ ማሽን መጠቀም ቀርቶ ለሥራ ተዘጋጅቶ በእጅ መያዝም ክልክል ነው፤ ከወሰኑ ወዲህ ያለውም ቢሆን ብዙው ባለቤት ያለው የማዕድን ይዞታ ስለሆነ ካርታ ሳያዩ መቆፈር ከሰው ጋር ያጋጫል። ጋሼ "አገሩ ሁሉ ባዶ ሆኖ እንዴት ባለቤት ይኖረዋል?" ብለው ተገረሙ።

ማሽኑ ገና ከመኪናው ሲወርድ ጀምሮ ጮኸ። ጋሼ እግራቸው ሥር ቆፈሩ፤ ምንም የለም። ፈቀቅ ሲሉ እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ቆፈሩ። ያገኘው የጫማቸውን የብረት አፍንጫ ነበር። ብዙም አያሳፍርም፤ አሌክሳንደር ግራሃም ቤልም በ1881 በቆሰሉት ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ ገላ ውስጥ የቀረውን ጥይት በራሱ በሠራው መፈለጊያ ሲፈልግ፣ የፍራሹ የብረት ስፕሪንግ አደናግሮታል ይባላል። ጥይቱ አልተገኘም፤ ፕሬዚዳንቱም አልዳኑም። ጋሼ ጫማ ቀየሩ።

እኛ ግን ጥይት አላጣንም። በረሃው ላይ ቅዳሜና እሑድ ዒላማ የሚተኩስ ሰው አይጠፋም፤ የእርሳስ ፍንጣሪው፣ ቀለሁ፣ የጣሳው ቁርጥራጭ ሁሉ "የወርቅ ዕድል ከፍተኛ" እያሰኘ ወጣ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይባል የለ? እዚህ ጠጠሩም ጥይት ሆነ። መሬቱ ሌላም ጉድ አለው። በ1995 አንድ ጡረታ የወጣ ፕሮፌሰር እንደ ጋሼ ማሽን ይዞ ወርቅ ሲፈልግ ቡናማ ድንጋይ እየደጋገመ ጮኸበት፤ ሲመረመር ከሰማይ የወደቀ የሜትዮራይት ስብርባሪ ሆነ። ይህን ከነገርኳቸው ወዲህ ጋሼ ቡናማ ድንጋይ ሁሉ ኪሳቸው ይከታሉ፤ ሱሪያቸው አልይዝ ብሎ ቀበቶ ጨምረዋል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ኮይሉን አንዲት ትንሽ የድንጋይ ስንጥቅ ላይ ሲያሳልፉ፣ ስክሪኑ ግማሽ ዕድል አለ። ጆሯቸውም ሰማ፤ ይህን ለእትዬ እመሰክራለሁ። በቢላ ጫፍ ጫሩ፣ አፈሩን በፕላስቲክ ማንኪያ እያካፈሉ ኮይሉ ላይ አሳለፉ (የብረት ማንኪያ ቢሆን ማንኪያው ይጮህ ነበር)፣ የጮኸውን ግማሽ እንደገና ለሁለት ከፈሉ፣ እንደገና፤ በመጨረሻ መዳፋቸው ላይ ቢጫ ነገር ቀረ። መነጽራቸውን አውልቀው አዩ፣ አድርገው አዩ። አልጨፈሩም። "የአዶላ ወርቅ ከዚህ ይቀላል" አሉ።

ቤት እንደገባን እትዬ ሚዛን አመጡ፤ የማድ ቤቱን፣ ቡናና ዱቄት የሚመዝኑበትን። ጋሼ ፍሬዋን በሁለት ጣታቸው ይዘው መሐሉ ላይ አስቀመጧት። ሚዛኑ 0 አለ። አነሱና መልሰው አስቀመጡ፤ 0 አለ። እትዬ ጠጋ ብለው "ባዶ ነው የሚለው" አሉ። ጋሼ ተቆጡ፦ "ይሄ ሚዛን ትንሽ ነገር አይሰማም!"

እውነታቸውን ነው፤ ከአንድ ግራም በታች ያለውን አያነብም። አሁን ሚዛን ሊገዛ ነው። የግራም አሥረኛ የሚያነብ አለ፣ መቶኛ የሚያነብ አለ፣ ነፋስ እንዳይነካው የመስታወት ክዳን ያለው ሺኛ የሚያነብም አለ። ጋሼ ሺኛው ይሻላል ብለዋል፤ እኔም ነገ ለእንግሊዝኛው ተጠርቻለሁ።